ጥቁር ምን ይመልስ? ከሰንጠረዥ ወረራ እስከ ዘመናዊው የቼዝ መከላከያ

(በሳንጃ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች ከቀረበ የአደባባይ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



በዚህ ሙቀት፣ ያውም የሰሊጥ አጨዳው ገና ባላለቀበት ሰሞን፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ንግግሬ የዕዳ ክፍያ ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ስለ መተማ ጦርነት ተናግሬ ስጨርስ፣ አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ጥያቄ አለኝ አለ። ስለ ጦርነቱ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን፣ «መምህር፣ ቼዝ እንደሚወዱ ሰምቻለሁ። ነጭ የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፍቶ ሲጀምርብኝ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ጥቁር ስይዝ የትኛውን መከላከያ ብመርጥ ይሻለኛል?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሰዓት አልቋል በሚል ሰበብ ሳልመልስለት ወረድሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያላስመለሰኝ የሰዓት ማጠር አልነበረም። ጥያቄው ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት በዚችው በሳንጃ ከአያቴ ጋር ያደረግሁትን አንድ ጨዋታ አስታወሰኝ። በዚያ ጨዋታ ይህንኑ ጥያቄ አያቴ በዝምታ መልሶልኝ ነበር፤ እኔ ግን መልሱን ሳልረዳው ቀርቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ለልጁ ጥያቄ የታሪክ ሰው መልስ ልሰጥ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ ጉዞ

በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ውስጥ «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» እየተባለ የሚጻፈውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። በመደዳና በዓምድ ተሰምሮ ቁጥር የሚደረደርበት ሣጥን ማለት ነው። ይህ ቃል ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ግን የጨዋታ ስም ነበር። ሕንዶች ጨዋታውን ቻቱራንጋ አሉት፤ አራቱን የጦር ክፍሎች፣ እግረኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ ዝሆኑንና ሠረገላውን ለማመልከት ነው። ፋርሶች ቻትራንግ፣ ዐረቦች ሻትራንጅ አሉት፤ እኛ ደግሞ ሰንጠረዥ አልነው። ጨዋታው ከመካከላችን ጠፋ፤ ስሙ ግን ሥራ ቀይሮ ቀረ።

በሰንጠረዥ ንጉሡ ንጉሥ ነው። ከጎኑ የሚቆመው ዛሬ ንግሥት የምንላት ሳትሆን ፈርዝ ነው፤ ስሙ ከፋርስ የመጣ ሲሆን አማካሪ ማለት ነው። ፈርዝ በማዕዘን በኩል አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል። ዛሬ ቢሾፕ የምንለው ቦታ ላይ ፊል፣ ማለትም ዝሆን፣ አለ፤ እርሱም በማዕዘን ሁለት እርምጃ ይዘላል። ሳባ ብለው የሚጠሩትም ነበሩ። ፈረስ እንደ ዛሬው ፈረስ ነው። በዳር የሚቆመው ደር ይባላል። ፊት የሚሰለፈው እግረኛ መደቅ ነው፤ መደቅ ከመነሻውም ቢሆን አንድ እርምጃ ብቻ ይራመዳል። መጫወቻው አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ነው፤ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ የተቀባ ገበታ አልነበረም።

ይህ ጨዋታ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተዘግቧል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እጅግ የሚወዱ ሰው ሆነው አግኝቷቸዋል። እቴጌ ጣይቱም በዚህ ጨዋታ ዕውቀታቸው ይጠቀሳሉ። ስለ አጨዋወቱ ሰፋ ያለ መግለጫ የተወልን ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዎልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ሞተ፤ ጽሑፉም ከሞቱ በኋላ በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን ምስክርነቶች ሰብስበው በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አንድ ጥናት አወጡ። እኔም የአያቴን ጨዋታ ሕግ የተማርሁት ከዚያ ጥናት ነው፤ ይህን ስናገር በሐፍረት ነው።

ወረራ

ከሕጎቹ ሁሉ ለልጁ ጥያቄ የሚቀርበው የአጀማመሩ ሕግ ነው። በዘመናዊው ቼዝ ነጭ ይጀምራል፤ ጥቁር ይመልሳል። ጥቁር ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ስለሚነሣ መከላከያ የሚባል ትምህርት ተወለደ። በሰንጠረዥ ግን ቀዳሚና ተከታይ የለም። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በየራሳቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሌላውን እያየ አሰላለፉን ያስተካክላል፤ ያልወደደውን እርምጃ መልሶ ሌላ ያደርጋል። የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የመጀመሪያ ክፍል ወረራ ይባላል።

እንግዲህ በሰንጠረዥ «ነጭ እንዲህ ሲጀምር ጥቁር ምን ይመልስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ አይችልም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ባላጋራዬ ዓይኔ እያየ ሲሰለፍ እኔ በምን መልክ ልሰለፍ? መቼስ የመጀመሪያውን ሰው ልብላ? በወረራ ጊዜ የሚያሸንፍ ፈጣን እጅ ያለው ብቻ አይደለም፤ የሌላውን አሰላለፍ አንብቦ የራሱን የሚያርም ሰው ነው።

አወጋገኑም የራሱ ክብር ነበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ጥበብ የጎደለው ሆኖ ይቆጠር ነበር። በፊል ወይም በፈርዝ ቢሆን ይሻላል፤ በመደቅ ማት ያደረገ ግን ከሁሉ በላይ ይወደሳል። ንጉሥን በእግረኛ እጅ መጣል የቀስ በቀስ ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል።

ከአያቴ ጋር

አያቴ በወጣትነቱ ጎንደር ከተማ በአንድ መኰንን ቤት ያደገ ሰው ነበር። ሰንጠረዥን የተማረው ከዚያ ነው። ቀይ ጨርቁንም ይዞት ወደ ቆላ ወረደ። እኔ ሳውቀው ከጨርቁ ጋር የነበሩት የቀንድ ቅርጾች ግማሾቹ ጠፍተው ነበር፤ የጎደሉትን መደቆች በጥይት ቀለህ ተክቷቸዋል። አርማጭሆ ነውና ቀለህ ከቀንድ ይልቅ በቀላሉ ይገኝ ነበር።

እኔ በጊዜው ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ቼዝ ያስተማረን ሶቪየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ አንድ መምህር ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደ ሳንጃ ስመጣ የካርቶን ገበታ ይዤ መጣሁ። አያቴ አይቶት በጣም ደስ አለው፤ «ሰንጠረዥ ተመለሰች እንዴ?» አለ። ተቀመጥን። እኔ ነጭ፣ እርሱ ጥቁር ያዘ።

ሕጉን ነገርሁት። ተራ በተራ ነው ስለው፣ «ተራ? ጠላትህ ተራህን ይጠብቅልሃል?» ብሎ ሳቀ። ወታደር መጀመሪያ ላይ ሁለት እርምጃ መሄድ ይችላል ስለው፣ «መደቅ እግረኛ ነው። እግረኛ ዘሎ አያውቅም» አለ። ቢሾፕ መንገድ ካገኘ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል ስለው ግን ዝም ብሎ አሰበ። ከዚያም፣ «ይህ ፊል ይህን ያህል ሩቅ የሚያይ ከሆነማ በሩን ልክፈትለት» አለ።

እኔ የንግሥቲቱን ወታደር ወደ ዲ4 ገፋሁ። እርሱ ፈረሱን አወጣ። እኔ ሲ4 ጨመርሁ። እርሱ ከንጉሡ ጎን ያለውን አንድ መደቅ አንድ እርምጃ፣ ወደ ጂ6፣ ገፋ። እኔ ኢ4 ስደርስ ፊሉ በከፈተለት በር ጂ7 ላይ ተቀምጧል፤ ሌላ መደቁም ዲ6 ላይ ቆሟል። ሦስት ወታደሮቼ የገበታውን መሀል ይዘዋል፤ የእርሱ ሰዎች ግን ከግንብ ጀርባ እንዳለ ሰው ወደ ኋላ ሰብሰብ ብለዋል። መምህሬ «መሀሉን የያዘ ያሸንፋል» ብሎ አስተምሮኝ ስለነበር ድሉ ገና ከመጀመሪያው የእኔ እንደሆነ አመንሁ።

አሸነፍሁትም። ንግሥቴ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ተወርውራ ደሩን በላችበት። እርሱ ያን ያህል ርቀት የሚመጣ ሰው ከዚያ ወገን አልጠበቀም ነበር። «ይህች ሴት ወሰን የላትም እንዴ? እኔ የማውቀው ፈርዝ አንድ እርምጃ ነበር የሚሄደው» አለ። መጨረሻ ላይ በደር ማት አደረግሁት። ገበታውን አየና፣ «በደር የወደቀ ንጉሥ ወሬ የለውም» አለኝ።

እኔ ግን በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ድፍረት፣ «አባባ፣ የሽንፈቱ ምክንያት ሌላ አይደለም፤ መሀሉ ስለተለቀቀልኝ ነው» ብዬ አስተማርሁት። «ይሆናል» አለ። ከዚያም ቀዩን ጨርቅ አመጣና፣ «ያንተን እኔ ሞከርሁ። የእኔን አንተ መቼ ትማራለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ዕረፍት አልሁት። በሚቀጥለው ዕረፍት ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዕረፍት የመጣሁት ለቀብሩ ነው። ጨርቁን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ካልካታ፣ 1855

ከዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ጥናቴ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ፣ ከጥናቴ ጋር በማይገናኝ መጽሐፍ ውስጥ የሚከተለውን ታሪክ አገኘሁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሕንድ ካልካታ ጆን ኮክሬን የሚባል ስኮትላንዳዊ ጠበቃ ይኖር ነበር፤ በዘመኑ ከታወቁት የቼዝ ተጫዋቾች አንዱ ነው። ኮክሬን ሞሄሹንደር ባነርጂ ከተባለ የአገሩ ሰው ጋር ብዙ ጊዜ ይጫወት ነበር። ባነርጂ ያደገው በሕንድ ሕግ ነው። በሕንድ የአገር ጨዋታ፣ እንደ እኛው ሰንጠረዥ፣ ወታደር ባጠቃላይ ሁለት እርምጃ አይዘልም ነበር። ባነርጂ ወደ አውሮፓውያኑ ሕግ ሲሻገር ያን ልማዱን ይዞ ተሻገረ። መሀሉን በወታደር ለመያዝ አይሽቀዳደምም፤ የዳር መደቁን አንድ እርምጃ ገፍቶ ቢሾፑን ከጀርባው ያስቀምጥና ከሩቅ ያነጣጥራል።

በግንቦት 1855 ኮክሬን ነጭ ይዞ በንግሥቲቱ ወታደር ጀመረ፤ ዲ4። ባነርጂ ፈረሱን አወጣ። ኮክሬን ሲ4። ባነርጂ ጂ6። ከዚያ ዲ5 ብሎ መሀሉን መታ፤ ቢሾፑንም ጂ7 ላይ አስቀመጠ። በዚያ ጨዋታ ባነርጂ ተሸነፈ። አሸናፊውም ውብ ነበር፤ ኮክሬን ንግሥቱን ሠውቶ የጥቁሩን ንጉሥ በገዛ ሰዎቹ መካከል አፍኖ በፈረስ ማት አደረገው። የባነርጂ አጀማመር ግን ተረሳ።

ከ67 ዓመት በኋላ፣ በ1922፣ የቪየናው ኤርንስት ግሩንፌልድ ይህንኑ አሰላለፍ ተጫወተ። በዚያው ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን አሌክሳንደር አሌኪንን በዚሁ አሸነፈበት። አጀማመሩም የግሩንፌልድ መከላከያ ተባለ። በ1956 የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ጥቁር ይዞ «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» የተባለውን ድል ያገኘው በዚሁ መከላከያ ነው። የዚህ ዓይነት መከላከያዎች የጋራ ስማቸው ዛሬም «የሕንድ መከላከያዎች» ነው።

መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። የአያቴ አሰላለፍ በትክክል የግሩንፌልድ አልነበረም፤ ዲ5 ሳይሆን ዲ6 ስላደረገ ወደ «የንጉሥ ሕንድ መከላከያ» የሚያዘነብል ነው። ይህን መከላከያ በ1940ዎቹ ብሮንስታይንና ቦሌስላቭስኪ የተባሉ የዩክሬን ተወላጆች አሳደጉት፤ ፊሸርና ካስፓሮቭም መሣሪያቸው አደረጉት። ማለትም፣ እኔ «መሀሉን ለቀቀ» ብዬ የገሠጽሁት ሰው፣ መጽሐፍ ሳያነብ፣ ለዲ4 ከሚሰጡት ጥሩ መልሶች አንዱን ሰጥቶኝ ነበር። የተሸነፈው በአጀማመሩ አልነበረም። የተሸነፈው ንግሥት እንደዚያ ርቃ መሄድ እንደምትችል ዓይኑ ስላልለመደ ነው።

ስለ ምክንያት

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለሙያዬ ነው። ያሸነፈ ሰው የአሸናፊነቱን ምክንያት ራሱ ሲናገር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በመጨረሻው ውጤት ላይ ተመሥርቶ የመጀመሪያውን ምርጫ ይፈርዳል። እኛም በዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ስሕተት በሌላ መልኩ እንሠራለን።

መተማ ከዚህ በስተምዕራብ ናት። በ1880 ዓ.ም. ጥር ወር ደርቡሾች ሳርውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያኖች ሰዓጢን ይዘዋል። በደቡብ ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተቃቅረዋል። ዐፄ ዮሐንስ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ሰዓጢ ድረስ ሄደው ሳይዋጉ ተመለሱ፤ በመጨረሻም ወደ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው የጠላትን ቅጥር ጥሶ እየገባ ሳለ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱ ዐረፉ። ንጉሡ መቁሰላቸው ሲሰማ ድል ሊሆን የተቃረበው ሽንፈት ሆነ።

«ወደ መተማ መሄዳቸው ስሕተት ነበር» የሚል ፍርድ በየመንገዱ ትሰማላችሁ። ምናልባት ነበር፤ ምናልባትም አልነበረም። እኔ የምለው፣ አንዲት ጥይት ባትመታቸው ኖሮ ይኸው ዘመቻ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። የአንድ ምርጫ ጥሩነት የሚለካው በተመረጠበት ሰዓት ይታወቅ በነበረው ነገር ነው፤ በመጨረሻው አደጋ አይደለም። ደግሞም ንጽጽሩን ከዚህ አላሳልፈውም። በጎንደር፣ በሳርውኃና በመተማ የወደቁት ሰዎች መደቅ አልነበሩም፤ የእናንተና የእኔ ቅድመ አያቶች ነበሩ። ገበታው ላይ የተበላ ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ይመለሳል፤ እነርሱ አልተመለሱም።

ለጠያቂዬ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በአዳራሹ ውስጥ እንዳለ አይቻለሁ።

ነጭ ዲ4 ሲል ከሁሉ በፊት የዚህን ወታደር ጠባይ እወቅ። ከኢ4 በተለየ፣ ይህ ወታደር ከተገፋ በኋላም ከጀርባው ንግሥቲቱ ትጠብቀዋለች። ስለዚህ ጦርነቱ ቶሎ አይፈነዳም፤ ነጭ ቀስ ብሎ መጨቆን ይፈልጋል። አውሮፓውያንም ቢሆኑ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ድረስ በዚያ ስፍራ ያቆሙት አንድ እርምጃ የሚሄደውን ፈርዝ ነበር። ንግሥቲቱ ኃይሏን ያገኘችው ያኔ ነው፤ የንግሥቲቱ ወታደር ታሪክም ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያው መልስ ዲ5 ነው፤ ነጭ ሲ4 ሲያስከትል ኢ6 ብሎ መሀሉን ማጽናት። የንግሥት ጋምቢት አለመቀበል ይባላል። በ1927 በቦነስ አይረስ ካፓብላንካና አሌኪን ለዓለም ሻምፒዮንነት ካደረጓቸው 34 ጨዋታዎች 32ቱ በዚህ የተጀመሩ ናቸው። ድክመቱ አንድ ነው፤ በሲ8 ያለው ቢሾፕ በገዛ ወታደሩ ጀርባ ይታሠራል። ያን ለማስቀረት ኢ6 በማለት ፈንታ ሲ6 የሚሉ አሉ፤ ይህ የስላቭ መከላከያ ነው። ቢሾፑ ነጻ ይወጣል፤ ወታደሮቹም እንደ ጥሩ ካብ ይደጋገፋሉ።

ሁለተኛው መልስ ፈረሱን አውጥቶ መሀሉን ከሩቅ መቆጣጠር ነው። የሪጋ ተወላጅ አሮን ኒምዞቪች፣ መሀል በወታደር ብቻ አይያዝም፤ በፈረስና በቢሾፕም ይያዛል ብሎ አስተማረ። በስሙ የሚጠራው ኒምዞ ሕንድ ቢሾፑን ቢ4 ላይ አውጥቶ የነጭን ፈረስ ያስራል። የባነርጂና የአያቴ መንገድም ከዚሁ ወገን ነው፤ ነጭ መሀሉን ይያዘው፣ እኛ በኋላ እናፈርሰዋለን የሚል። እዚህ ግን ተጠንቀቅ። መሀሉን የለቀቀ ሰው ጊዜው ሲደርስ በኢ5 ወይም በሲ5 መምታት አለበት። ሳይመታ ከቀረ ያፍነውና በቀስታ ይሞታል።

ሦስተኛው ወገን ገና ከመጀመሪያው ሚዛኑን የሚያናጋ ነው። በ1789 ኤልያስ ሽታይን የተባለ በሔግ የሚኖር ተጫዋች ስለ ቼዝ ባሳተመው መጽሐፍ ለዲ4 ኤፍ5 መመለስን መከረ፤ የደች መከላከያ ይባላል። ያ መጽሐፍ በርዕሱም ስለ ጨዋታውና ስለ ጦር ጥበብ እናገራለሁ ይል ነበር። ኤፍ5 ለማጥቃት መንገድ ይከፍታል፤ የራስህን ንጉሥ ግን ያጋልጣል። ሲ5 ብሎ የሚመልሰው ደግሞ ቤንኦኒ ይባላል። ስሙ በ1825 አንድ ጀርመናዊ ለጻፈው የቼዝ ድርሳን ከሰጠው ርዕስ የመጣ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበባችሁ ራሔል ስትሞት ለልጇ ያወጣችውን ስም ታስታውሳላችሁ፤ የኀዘኔ ልጅ። ተጫዋቾቹ ይህን ስም የሚስማማ ሆኖ ያገኙታል፤ ጥቁር ብዙ ይሠቃያል፤ ከታገሠ ግን ያሸንፋል።

የትኛውን ትመርጣለህ? ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። አንደኛ፣ ጠባብ ስፍራ ላይ ሆነህ መታገሥ ትችላለህ ወይስ ያስጨንቅሃል? የሚያስጨንቅህ ከሆነ የሕንድ መከላከያዎች አይስማሙህም፤ ስላቭን ያዝ። ሁለተኛ፣ ለማጥናት ያለህ ጊዜና መጽሐፍ ምን ያህል ነው? ግሩንፌልድና ቤንኦኒ አንድ እርምጃ ብትሳሳት የሚጥሉ ናቸው፤ ብዙ ማጥናት ይጠይቃሉ። የንግሥት ጋምቢት አለመቀበል ግን ምክንያቱን ከተረዳህ ባታስታውሰውም ራስህ ልትፈጥረው ትችላለህ። ሦስተኛ፣ ለምን ትሸነፋለህ? ይህን በሐቅ መርምር። ሽንፈትህ በአሥረኛው እርምጃ ነው ወይስ በሠላሳኛው? በሠላሳኛው ከሆነ መከላከያህን አትቀይር፤ ችግሩ እዚያ የለም። እኔ የአያቴን ጨዋታ እንዲህ ብመረምረው ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ባልተሳሳትሁ ነበር።

ምክሬ ይህ ነው። በንግሥት ጋምቢት አለመቀበል ጀምር፤ አንድ ዓመት እርሱን ብቻ ተጫወት፤ ጨዋታህን ሁሉ በደብተር ጻፍ። መሀል ማለት ምን እንደሆነ ያስተምርሃል። ከዚያ በኋላ የንጉሥ ሕንድን ሞክር፤ መሀልን መያዝ ያወቀ ሰው ነው መሀልን መልቀቅ የሚያውቀው። አያቴ ደግሞ፣ በመካከላችን ቢኖር፣ አንድ ነገር ይጨምርልህ ነበር፤ ተራህን ስትጠብቅ አትተኛ። በወረራ ጊዜ እንደሚደረገው ባላጋራህ ሲሰለፍ አሰላለፉን አንብብ።

ለአዳራሹ ሁሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ፣ በየሣጥኑ ሥር፣ በመስመር የተከፈለ ቀይ ጨርቅ ወይም ለምን እንደተሠራ የማይታወቅ የቀንድ ቅርጽ ካለ አትጣሉት። ከአያቶቻችሁ አንዱ «ና ልጄ፣ ይህን ላሳይህ» ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ዕረፍት አትበሉ። እኔ የአያቴን ጨዋታ ሕግ ከአንድ የእንግሊዝ ቆንስል ምስክርነት ለማንበብ ባሕር ተሻግሬአለሁ። ጨርቁ ግን እዚሁ ሳንጃ፣ ከመደብ ላይ፣ ተዘርግቶ ነበር።